የወልደሰማያት ባሕር

ፖሊሱ ሶርሳ በጸሎት ቤቱ በር ብቅ ብሎ በእጁ ሲጠራት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ኤልሳቤጥ ለምን እንደመጣ ያወቀች መሰላት። መዝሙሩ አልተቋረጠም። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ጉልበታቸውን ሰብስበው አሳለፏት፤ እሷ ግን ሁሉም ያወቁባት ይመስል ፊቷ ነደደ። ካለፈው ወር ጀምሮ እንዲህ ሆናለች። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። የዚያን ዕለት ማለዳ እንኳ የዓሣ ልማት ፕሮጀክቱ ኃላፊ ጓድ ንጉሤ ደጇን አንኳኩቶ፣ «ልጄ ተረከዟን ጠርሙስ ቆርጧት ነው፤ ፕላስተር አይጠፋሽም» ሲላት፣ ጥቅልሉን ያቀበለችው በሩን ገርበብ ብቻ አድርጋ ነበር።

ደጅ ሲወጡ ሶርሳ ቆቡን አውልቆ እንደገና አደረገው።

«ሲስተር፣ አቶ ወልደሰማያት ሞቷል። ሐኪሙ አርባ ምንጭ ነው ያለው። መቶ አለቃ እንድታዪው ጠርታሻለች።»

ኤልሳቤጥን መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። የመጡት እሷን ሊይዙ አይደለም። የሰማችው ነገር የገባት ከዚያ በኋላ ነው፤ በእፎይታዋም አፈረች።

የአውሮፕላን ማረፊያውን ሣር አቋርጠው ሄዱ። የ1976 ዓ.ም. የሚያዝያ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጂንካ ጭቃ ሆናለች። ወልደሰማያት ቤት ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ነበር። «ትሉ ነው የገደለው» ይላል አንዱ። «ያንን የባሕር አውሬ ቤቱ አስገብቶ» ይላል ሌላው።

ወልደሰማያት የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነበር። ከምጽዋ ወደ ጂንካ የተዛወረው በኦሞራቴ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር እንዲያቋቁም ነው። ከዕቃው ሁሉ አስበልጦ ተጠንቅቆ ያመጣው ግን አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ነበር። በውስጡ የቀይ ባሕር ድንጋዮች ደርድሮ፣ የዝናብ ውሃ በባሕር ጨው እየበጠበጠ ይሞላበታል። በመኪና ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ሌት ተቀን አየር ትነፋበታለች። ድንጋዮቹ ላይ ኮራል የሚሉት የባሕር ፍጡር እንደ አበባ ይፈካል፤ ቢጫ ዓሦች በመካከሉ ይመላለሳሉ። ሰው በበዓል ቀን ልጆቹን ይዞ ሊያይ ይመጣ ነበር። ስሙንም «የወልደሰማያት ባሕር» አሉት።

በዚያ ዓመት ግን ኮራሉ ተነክሶ ይገኝ ጀመር። ከዓሦቹም አንዱ ጠፋ። ወልደሰማያት ብዙ ከተከታተለ በኋላ ጥፋተኛውን አየው፤ ክንድ የሚያህል፣ ግራና ቀኙን ነጭ ጸጉር ያበቀለ ትል ነው። ሲመጣ ትንሽ ሆኖ በድንጋይ ቀዳዳ ተደብቆ መጥቶ፣ እዚያው አድጓል። ቀን አይታይም፤ ጨለማ ሲሆን ብቻ ይወጣል። በባዶ እጅ የነካው ሰው ጸጉሩ ቆዳው ውስጥ እንደ መስታወት ስባሪ ይሰበርና ለቀናት ያቃጥለዋል። ወልደሰማያትን አንዴ አግኝቶት፣ ኤልሳቤጥ ፕላስተር እየለጠፈች በመንቀል ነበር ያወጣችለት። ከዚያ ወዲህ ረጅም የላስቲክ ጓንት ሳያደርግ እጁን ውሃ ውስጥ ከትቶ አያውቅም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ያስጠነቅቅ ነበር።

አሁን በገንዳው የእንጨት ጠርዝ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ጭንቅላቱና ቀኝ እጁ ውሃው ውስጥ ናቸው። ቀኝ እጁ ላይ ጓንቱ አለ። ዓሦቹ በጸጉሩ ዙሪያ ይዋኛሉ። ጠረጴዛው ላይ ዘይቱን የጨረሰ ፋኖስ ቆሟል።

መቶ አለቃ ብዙወርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከኪሷ ቆሎ እያወጣች ትቆረጥማለች። ለሌላ ጉዳይ ከአርባ ምንጭ መጥታ፣ ዝናቡ መንገድ ዘግቶባት የቀረች መርማሪ ናት። ጸጉሯ ሸብቷል፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው።

«አንቺ ነሽ ሲስተሯ? ነይ፣ ሲያወጡት እዪው።»

ሶርሳና ሌላ ፖሊስ አንሥተው መሬት ላይ አስተኙት። ኤልሳቤጥ አፉን፣ ዓይኑን፣ ጥፍሮቹን አየች። ሰምጦ ነው የሞተው። ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ ስትገልጥ ማጅራቱ ላይ የጠቆሩ የጣት ምልክቶች አየች። አንድ ሰው አንገቱን ጨምድዶ ይዞት ነበር።

ኮሌታውን መለሰችው። ተገደለ ከተባለ፣ ለምን ተገደለ ይባላል። ለምን ከተባለ ደግሞ የኦሞራቴ መንገድ ነገር ይወጣል።

«ሰምጦ ነው» አለች። «ሌላ ምልክት አላየሁም።»

ብዙወርቅ ከበርጩማዋ ተነሥታ ጎንበስ አለች፤ ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ገለጠች፣ አየች፣ መለሰችው። ወደ ወለሉ ዞረች። ሲሚንቶው እየደረቀ ነበር፤ ከገንዳው እስከ ቤቱ መሐል ድረስ ነጭ የጨው መስመር በቅስት በቅስት ብቅ ብሏል።

«ይሄ ውሃ ፈስሶ የደረቀ ብቻ አይደለም» አለች ለሶርሳ። «በጨርቅ ተወልውሏል። የጨርቁን ዙር ተመልከት። መቼም ሞቶ የተነሣ ሰው አልወለወለውም።»

ከመደርደሪያው ላይ አንድ ብልቃጥ አነሣች። በአልኮል ውስጥ ጸጉራሙ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ሰዉ ገደለው የሚለው ይሄንን ነው?»

«ሰው አይገድልም» አለች ኤልሳቤጥ። «ያቃጥላል እንጂ።»

«መቼ ተያዘ?»

«ትናንት። ሥጋ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ አጠመደው። ወደ ማታ ጠርቶ አሳየን።»

«እናንተ ማን ማን ናችሁ?»

«እኔ፣ ጓድ ንጉሤና ሹፌሩ ጥላሁን።»

«ለትሉ ብቻ ነው የጠራችሁ?»

ኤልሳቤጥ ወደ ብልቃጡ አየች። «በጣም ደስ ብሎት ነበር። ‹አንድ ነበር፣ ተገላገልኩት፤ ከእንግዲህ በባዶ እጄ ድንጋዮቼን አጥባለሁ› አለን።»

«እንግዲያው አውሬው ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ጓንት አድርጎ ምን ይፈልጋል?»

ብዙወርቅ መልስ አልጠበቀችም። ሌላውን ፖሊስ አስወጥታ መስኮቶቹን አዘጋች፤ ገንዳውንም በብርድ ልብስ አስጋረደች። ወልደሰማያት ትሉን ሲያድን የሚይዛት፣ አፏ ላይ ቀይ ላስቲክ የታሰረባት የእጅ ባትሪ መሳቢያ ውስጥ ተገኘች። ቀይ ብርሃን ትሉን አያስደነግጠውም ይል ነበር። ከሶርሳ ጋር ሦስቱም በብርድ ልብሱ ስር ተጎንብሰው ጠበቁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከታችኛው ድንጋይ ስር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሌላ ትል ነበር፤ ከፊተኛውም ይረዝማል። ወገቡ ላይ ያለው ጸጉር በአንድ በኩል ተመልጧል።

«ምን መለጠው?» አለች ብዙወርቅ በሹክሹክታ።

«የነካው ነገር አለ። ጸጉሩ የሚረግፈው በነካው ሰው ላይ ነው።»

መስኮቱ ሲከፈት ጓንቱን በማጉያ መነጽር አገላብጠው አዩት። አንድ ጸጉር አልነበረበትም። የሟቹም ሁለት እጆች ንጹሕ ነበሩ።

«ሁለተኛ ትል መኖሩን አሁን የምናውቀው እኔ፣ አንቺና ሶርሳ ነን» አለች ብዙወርቅ። «ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ። ስዞር አብረሽኝ ዙሪ፤ ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ።»

ኤልሳቤጥ እሺ አለች። ለምን እንደምትፈልጋት ግን ጠረጠረች። ኮሌታው ሲገለጥ ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነው።

የሟቹ ሚስት የሺመቤት ጓዳ ውስጥ ነበረች። እናቷ ታማባት ገዘር ከተማ ሰንብታ ጠዋት ስትመለስ ነው ባሏን ያገኘችው። አላለቀሰችም። ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ አድርጋ ትነክሳለች።

«ያንን ገንዳ እጠላው ነበር» አለች። «ለእኔ ያልሳሳውን ለድንጋይ ይሳሳል እያልኩ እነዘንዘው ነበር። ዓርብ ስሄድም ተኳርፈን ነው። እንደተኳረፍን ሞተ።»

«ሌላ ሰው ይጣላው ነበር?»

«ማን ይጣላዋል? እናቴ ብቻ ናት። በግራው ስለሚጎርስ አብራው ማዕድ አትቀርብም። ልጅ ሳለ ተገርፎ ተገርፎ አልተወም። ጽሕፈቱም፣ ካራውም፣ መዶሻውም በግራ ነው።» ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። «ደግሞ ካለፈው ወር ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ከኦሞራቴ ከተመለሰ ወዲህ። ምን ሆንክ ስለው፣ ‹አብረውኝ የነበሩትን ሳላማክር ለአንቺ አልነግርም› አለኝ።»

ብዙወርቅ ወደ ኤልሳቤጥ አልዞረችም። ኤልሳቤጥ ግን የዞረችባት ያህል አንገቷን ደፋች።

ጥላሁን ከላንድሮቨሩ ስር በጀርባው ተንፏቅቆ ወጣ። እጁ በግራሶ ስለተለወሰ ለሰላምታ የእጁን አንጓ ዘረጋ። ዓይኑ ቀልቷል።

«የፊት መብራቱ አዲስ ነው» አለች ብዙወርቅ።

«ድንጋይ መታው።»

«ማን ሲነዳ?»

«ሹፌሩ እኔ ነኝ» አለ። ይህን ሲል ያየው ኤልሳቤጥን ነበር።

«ትናንት ወልደሰማያት ቤት አምሽተሃል። ከዚያስ?»

«ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሲስተር ቀድማ ወጣች፣ ቀጥዬ እኔ። ጓድ ንጉሤ በሩ ድረስ አብሮኝ ወጥቶ ወደ ቀበሌ እሄዳለሁ ብሎ ተለየኝ።» እጁን በናፍጣ ለቅልቆ በሳሙና ፈተገ። ሲሰናበታቸው መዳፉን ሰጣቸው። ብዙወርቅ ያዝ አድርጋ አየችው፤ ጠባሳና የሥራ መጅ እንጂ ሌላ አልነበረውም።

ንጉሤ ቤት ሲደርሱ ልጁ ሐና በግቢው ጭቃ ላይ በባዶ እግሯ ገመድ ትዘላለች። ንጉሤ በረንዳው ላይ ተቀበላቸው። ረጅም ሰው ነው፤ መነጽሩ አፍንጫው ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል። የእጁን አንጓ ዘረጋላቸው።

«ይቅርታ፣ ለላብ አደሮች ቀን ጽሑፍ ስናባዛ የዱፕሊኬተር ቀለም ነክቶኝ ነው።»

ሻይ መጣ። ንጉሤ ብርጭቆውን በግራ እጁ አነሣ፤ መነጽሩንም በግራው ገፋ። ቀኝ እጁ ከጠረጴዛው ስር ቀረ። የሸሚዙ እጅጌ ነጭ ነው፤ የቀለም ነጥብ አልነካውም።

«ከባድ ነገር ነው» አለ። «ትጉ ሠራተኛ ነበር። ግን ያ ገንዳ አእምሮውን ይዞት ነበር። በያዘው ረክቶ ቢተኛ ኖሮ፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ነበር።»

ብዙወርቅ ራሷን ነቀነቀችና ስለ ፕሮጀክቱ ሥራ ጠየቀችው። ኤልሳቤጥ አትሰማም ነበር። ሐና ገመዱን በዘለለች ቁጥር ሁለቱ ተረከዞቿ ይታያሉ። ቁስልም ፕላስተርም የለባቸውም። ኤልሳቤጥ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

ሲመለሱ ብዙወርቅ በኩሬዎቹ መካከል ቀስ እያለች ተራመደች።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

ኤልሳቤጥ ስለ ፕላስተሩ ልትናገር አፏን ከፈተች። ፕላስተሩን ከተናገረች ሌላውም ይከተላል። ሌላውን ለመናገር ደግሞ ከወልደሰማያትም ከንጉሤም የተደበቀውን፣ እሷ ብቻ የምታውቀውን ማውጣት ይኖርባታል።

«የለም» አለች።

«እሺ። ነገ ጠዋት ሁላችሁም ያንን ቤት ትመጣላችሁ።»

ያን ሌሊት ኤልሳቤጥ ልብሷን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አደረች። ወልደሰማያት ቅዳሜ ማታ ብልቃጡን አስቀምጦ ያለውን ታስታውሳለች። «ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። ማንም ተከትሎኝ ባይመጣ አልቀየምም።» ጥላሁን አልቅሶ ነበር። ንጉሤ ሳቀ። እሷ፣ «እስቲ ላስብበት» ብላ ቀድማ ወጣች። «አብሬህ እሄዳለሁ» ብትለው ኖሮ፣ ንጉሤ አንዱን ቢያፍን ሌላዋ እንደምትተርፍ ባወቀ ነበር። ብቻውን ትታው ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ሳሎኑ ውስጥ የሺመቤት፣ ጥላሁን፣ ንጉሤና ኤልሳቤጥ በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ። ሶርሳ በሩ ላይ ቆመ። ብዙወርቅ ቆሎዋን ኪሷ ከታ በገንዳው አጠገብ ቆመች።

«አቶ ወልደሰማያት ትል ሲያድን ሰምጦ ሞተ ተብሏል» አለች። «ያ ሊሆን አይችልም። ማጅራቱ ላይ የሰው ጣት ምልክት አለ። ወለሉን የወለወለ ሰው አለ። ፋኖስ እስኪጠፋ በርቷል፤ ትሉ ደግሞ በብርሃን አይወጣም፣ ለዚህም ቀይ ባትሪ ነበረው። ባትሪዋን ያገኘናት መሳቢያ ውስጥ ነው።»

ወደ የሺመቤት ዞረች። «ባልሽ ሁሉን ነገር የሚሠራው በግራው ነው ብለሽኛል። ጓንቱ ግን ቀኝ እጁ ላይ ነበር። አላበሱት እንጂ አለበሰም።»

የሺመቤት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አሁን ለምን አላበሱት እንበል። ትሉን ሲያድን የሞተ እንዲመስል ነው። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ ትሉ ተይዞ ብልቃጥ ገብቷል፤ ‹አንድ ነበር፣ ተገላገልኩት› ብሎ ለሦስታችሁም ነግሯችኋል። በተያዘ ትል ማን ይሰምጣል? ይሄ ነገር የሚያስኬደው ሌላ ትል መኖሩን ለሚያውቅ ሰው ነው። ሌላ ትል አለ። እኛም ትናንት በጨለማ አየነው። ወገቡ ላይ ጸጉሩ ተመልጧል። ጸጉሩ ግን ጓንቱ ላይ የለም፤ ሟቹ እጅ ላይም የለም። ስለዚህ ሌላ እጅ ነክቶታል፤ ባዶ እጅ። ከቅዳሜ በፊት በዚህ ከተማ እጁን ባዶውን እዚህ ውሃ ውስጥ የሚከት ሰው አልነበረም። ከቅዳሜ በኋላ ግን ምንም የለም ብሎ የሚደፍር አለ።»

«ለምን ይከታል?» አለ ንጉሤ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር።

«አንድ ነገር ወድቆበት። ሰው ሲታገል የሚወድቅ፣ ትቶትም ሊሄድ የማይችለው ነገር። መነጽርዎ ለምን ይንሸራተታል ጓድ ንጉሤ? ቅዳሜ እንዲህ ነበር?»

«አልነበረም» አለ ጥላሁን ከጥጉ። ሁሉም ዞረው አዩት። «ቅዳሜ ደኅና ነበር።»

«ማጠፊያው ላይ ነጭ ነገር ይታያል» አለች ብዙወርቅ። «ጨው ይመስለኛል። ትናንት ደግሞ እኔ ሳልጠይቅዎ፣ ‹በያዘው ረክቶ ቢተኛ ኖሮ› አሉኝ። የያዘው እንዳለ ሆኖ ሌላ ሲፈልግ ነበር ማለትዎ ነው። ሌላው መኖሩን ማን ነገረዎት?»

«የአነጋገር ነገር ነው።»

«ይሆናል። ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝና እንለያይ።»

ንጉሤ ተነሣ። ሶርሳ በሩን በጀርባው ዘጋው። ንጉሤ እንደገና ተቀመጠ፤ እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም።

«እኔ የዚህ ፕሮጀክት ኃላፊ ነኝ» አለ። «የገዛ ሠራተኛዬን የምገድልበት ምን ምክንያት አለኝ? እስቲ ምክንያቱን ንገሪኝ።»

«ምክንያቱን አላውቀውም» አለች ብዙወርቅ። «የገዳዩን ሥራ እንጂ ልቡን አላየሁም። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ። እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ።»

ፓምፗ ትንፋሽ ትነፋለች። ጥላሁን መሬት መሬት ያያል። ኤልሳቤጥ መነሣቷን ያወቀችው ከተነሣች በኋላ ነበር።

«ትናንት ማለዳ ለልጁ ብሎ ፕላስተር ወስዷል» አለች። «ሐና አልቆሰለችም። የትሉ ጸጉር በፕላስተር እንደሚነቀል ወልደሰማያት ለሁላችንም ነግሮናል።»

«ሲስተር» አለ ንጉሤ ቀስ ብሎ። «አንቺም አብረሽ ነበርሽ።»

«አብሬ ነበርኩ። ባለፈው ወር ከኦሞራቴ ስንመለስ አራታችንም መኪናው ውስጥ ነበርን። የሚነዳው ንጉሤ ነበር። ልለማመድ ብሎ ከጥላሁን እጅ መሪውን ተቀብሎ ነበር። ቱርሚን ካለፍን በኋላ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ የሐመር ሰው መንገድ ሲያቋርጥ ገጨነው። ወርጄ ያየሁት እኔ ነኝ። ንጉሤ ከመኪናው ሳይወርድ፣ ‹ሞቷል?› አለኝ። ከዛፎቹ ወዲያ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። ዘመዶቹ ደርሰው ይጨርሱናል ብለን ፈርተናል። እኔም ‹ሞቷል› አልኩ።»

እስከዚህ ያለውን መኪናው ውስጥ የነበሩት አራቱም ያውቁት ነበር።

«አልሞተም ነበር» አለች። «የልብ ምቱ ከጣቴ ስር ነበር። በደንብ ይመታ ነበር። ጭነነው ብንመጣ ይተርፍ ነበር ይሆናል። ‹ሞቷል› ያልኩት መኪናው ውስጥ ተመልሼ ለመግባት ነው። ወልደሰማያት ይሄንን ሳያውቅ ሞተ። ሬሳ ትተን የመጣን መስሎት ነው እንቅልፍ ያጣው።»

ጥላሁን በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «እኔ ሞቷል ብዬ አምኜሽ ነበር» አለ፤ ደጋግሞም አለው።

ከንጉሤ ፊት ላይ ደሙ ወረደ። ኤልሳቤጥን አያት። ከዚያ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ጣቶቹ አብጠው ቀልተዋል፤ በመካከላቸው ነጫጭ ጸጉሮች እንደ አቧራ ያበራሉ።

«ተመልሼ ለመንኩት» አለ። «ልጅ አለኝ አልኩት። ዓሣዎቹን እየመገበ፣ ሳይዞር፣ ‹ሰኞ እሄዳለሁ› አለኝ። ዞሮ ቢያየኝ ኖሮ አላደርገውም ነበር።»

የሺመቤት በዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ሶርሳ ንጉሤን ይዞ ሲወጣ ብዙወርቅ ኤልሳቤጥ ፊት ቆመች።

«ሰውየው አለመሞቱን ካንቺ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ዝም ብትዪ ማንም አያገኘውም ነበር።»

«አዎ።»

«መዝገቡ ላይ የአንቺም ስም ይሰፍራል። የጥላሁንም። ከዚያ በፊት ግን የተገጨውን ሰው ቤተሰብ ማግኘት አለብን። መንገዱ እንደደረቀ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

መንገዱ ደርቆ ሄዱ። ቱርሚ ሳይደርሱ ሰው ጠይቀው፣ በቁጥቋጦ አጥር የተከበበ መንደር ደረሱ። ሐመርኛ የሚችለው ሶርሳ አስተረጎመ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው ያሉት ሰው ከከብቶቹ መካከል ወጥቶ መጣና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ኤልሳቤጥ ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ የልብ ምቱንም፣ «ሞቷል» ማለቷንም። ሶርሳ አንዳንዴ ቃል እየጠፋው ያቆማል፤ እሷም ትጠብቀዋለች። ሰውየው ፊቱን አላዞረም።

ሲጨርሱ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ሲሞት ምን አለ ነው የሚልሽ» አለ ሶርሳ።

«አንድ ቃል ይደጋግም ነበር» አለች ኤልሳቤጥ። «በእኛ ቋንቋ የሚጠጣ ነገር ነው፤ ጠምቶት መስሎኝ ነበር። ‹እርጎ፣ እርጎ› ይል ነበር።»

ሶርሳ ሊያስተረጉም ጀምሮ ተወው። ሰውየው ተርጓሚ ሳይጠብቅ ቀና ብሎ ነበር። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኤርጎ» አለ፤ አንዴ ብቻ።

«ስሙ ነው ሲስተር» አለ ሶርሳ በቀስታ። «የሚጠጣው አይደለም። ወንድሙን ነው የጠራው።»

ኤልሳቤጥ ከሰውየው ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንም አላነሣትም። ከብቶቹ አልፈዋቸው ወደ ውሃ ወረዱ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ኤርጎ ከበርጩማው ተነሥቶ በትሩን አነሣና ሁለት ቃል ተናገረ።

«ቦታውን አሳዪኝ ይልሻል» አለ ሶርሳ።

ኤልሳቤጥ እጇን መሬት ላይ ተደግፋ ተነሣች፤ ከፊት ሆና ወደ መንገዱ መራችው።